የነብሩን ድምፅ ያስጠናሁ ጊዜ

ኤፊክ የሚባል ቋንቋ መኖሩን የሰማሁት ጀርመን አገር ኒደርራድ የሚባል ሰፈር ውስጥ የቢሮ ወለል ስወለውል ነው። ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። አብራኝ የምትወለውለው ሴት ናይጄሪያዊት ናት፤ ካላባር ከምትባል የወንዝ ዳር ከተማ የመጣች። እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የቀረውን ካገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ የለቃቀምኩ። እንደኔ ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፦ ያነበበውን ለሌላ ሰው ሳያስተምር እንቅልፍ አይወስደውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ላይ የማወራው ጥፋት የማን እንደሆነ ሳታውቁ እንዳትቀሩ ብዬ ነው።

ሁለታችንም ሮደልሃይም አንድ ሕንፃ ውስጥ እንኖር ነበር፤ እሷ ከኔ ሁለት ፎቅ በላይ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቷ ከካላባር የመጣችው በስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ በኤፊክ ስታናግራት በጀርመንኛ ትመልሳለች፤ የእኛዎቹ ልጆች እኛን እንደሚያደርጉን ማለት ነው። ጎበዝ ልጅ ናት። አንድ ሆስፒታል ለነርስነት ሥልጠና ተቀብሏታል፤ የቀራት የአሥረኛ ክፍል ምስክር ወረቀት ማምጣት ብቻ ነው። ያንን ምስክር ወረቀት ግን ፈረንሳይኛ አንቆ ያዘባት።

የክፍል አስተማሪዋ መላ ነገረቻቸው። ከውጭ የመጣ ልጅ በአንድ የውጭ ቋንቋ ፋንታ በእናቱ ቋንቋ መፈተን ይችላል፤ ፈታኝ ከተገኘ። ቋንቋው፣ ሥነ ጽሑፉ፣ ባህሉ፣ ሦስቱም በአንድ ቀን። ካለፈች ሆስፒታል ትገባለች፤ ከወደቀች ቦታው ለሚቀጥለው ልጅ ይሰጣል።

እናትየዋ ወደ ትምህርት ቢሮ ስትደውል አጠገቧ ነበርኩ። ስልኩን ያነሳው ሰውዬ መጀመሪያ፣ ናይጄሪያ የሚነገረው እንግሊዝኛ ስለሆነ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ትፈተን አለ። እንግሊዝኛ የእናቷ ቋንቋ አለመሆኑን እናቷ ራሷ በትዕግሥት አስረዳችው። ሄዶ ፋይል አገላብጦ ተመለሰ። በአፍሪካ ፋይል ውስጥ ያገኘው አንድ ፈታኝ ብቻ ነው፤ እሱም የአማርኛ። ቅርብ ከሆነ እሱን ልመድብላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጀርመንኛ ለሚፈተን ልጅ የቱርክኛ አስተማሪ እንደመላክ ነው። እሷ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ከመላው አፍሪካ ፋይል ውስጥ የተገኘው አማርኛ ብቻ መሆኑን ስሰማ ደረቴ ትንሽ ነፋ አለ።

ከሁለት ወር በኋላ ኦፈንባህ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተገኙ። በወጣትነታቸው ካላባር አስተማሪ የነበሩ፣ ከዚያ መርከበኛ፣ ከዚያ እዚህ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡ። የአስተማሪነት ወረቀታቸው ማኅተም ስላለው ቢሮው ተቀበላቸው። ማኅተም ካለ እዚህ አገር ሌላው ነገር ሁሉ ዕዳው ገብስ ነው።

እናትየዋ ጠዋት ከኔ ጋር ትወለውላለች፤ ከሰዓት በኋላ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ስለዚህ አንድ ቀን ሽፋኑ የወለቀ የኤፊክ ማንበቢያ መጽሐፍና ትምህርት ቤቱ የላከውን የርዕስ ዝርዝር ይዛ መጣች። "እህቴ፣ አንቺ መጽሐፍ ትወጃለሽ፤ ልጄን አስጠኚልኝ" አለችኝ። የማላውቀውን ቋንቋ እንዴት ብዬ አስጠናለሁ አላልኩም። ይሉኝታ ያዘኝ እንዳልላችሁ፣ ይሉኝታ አልነበረም። ደስ አለኝ እንጂ።

መጽሐፉን ይዤ ባቡር ስጠብቅ አንድ የምናውቃቸው ኤርትራዊ አዛውንት አዩኝ። ድሮ አሥመራ በአማርኛ የተማሩ ናቸው። ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩትና "ጓለይ፣ ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ፊደል አላቸው?" አሉኝ። በላቲን መጻፉን ስነግራቸው እንደ ማዘን ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አብሬያቸው አዘንኩ። በሌላ ጉዳይ ሁሉ የማንስማማ ሰዎች በፊደል ስንኮራ ጊዜ ግን ወንድማማች ነን።

ያን ዕለት ማታ ለባልደረባዬ ጥያቄውን አለስልሼ አቀረብኩላት፤ በኤፊክ ድሮም ይጻፍ ነበር ወይ ብዬ። ቀና ብላ አየችኝ።

"የአያቴ አባት መጽሐፍ ቅዱስ ያነበቡት በኤፊክ ነው" አለች። "አንቺ ባለፊደሏ አሁን ከኔ ጋር በማን ቋንቋ ነው የምታወሪው?"

በተሰባበረ ጀርመንኛ ነበር የምናወራው። እሱም በላቲን ነው የሚጻፈው።

ጥናቱ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተጀመረ። ልጅቷ የመዋኛ ሰዓቷን ትታ ነው የምትመጣው፤ ይህንንም በየቀኑ ታስታውሰኝ ነበር። የማውቀው የማስጠናት ዘዴ አንድ ነው፤ ሽምደዳ። ታነባለች፣ ትደግማለች፣ መጽሐፉን ዘግታ ትወጣዋለች። እኔ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ እከተላለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኤሊ "ኢኩት" መሆኗን፣ ምስጋና "ሶሶንጎ" መሆኑን፣ ቁጥር እስከ አምስት አወቅሁ። አሥራ ሁለት ቃል በማላውቅበት ቋንቋ "አይ፣ እሱ እንዲህ አይባልም" እያልኩ አርማት ነበር። ልጅቷ ትክ ብላ ታየኝና "ታንቴ፣ አንቺ እኮ አትችይም" ትለኛለች፤ በጀርመንኛ። ታንቴ ጀርመኖቹ አክስትን የሚጠሩበት ነው።

የኤሊዋን ተረቶች ሳታጠናም ታውቃቸዋለች፤ በልጅነቷ የሰማቻቸው ናቸው። ቋንቋውም ቀስ በቀስ ከዛገበት ወጣ። ያስቸገረን ባህል የሚለው ክፍል ነው። ሰላምታውን፣ ምግቡን፣ ሙሽራ ከሠርግ በፊት ተከልላ የምትቀለብበትን ቤት እናቷ ነገረችን። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ኤክፔ የሚል ነበር። ኤክፔ ነብር ማለት ነው፤ የወንዶች ማኅበርም ነው። በድሮ ጊዜ ሕግ የሚያወጣውም የሚቀጣውም እሱ ነበር፤ በማኅበሩ ቤት ውስጠኛ ክፍል ነብሩ ሲጮህ ከተማው ሁሉ ይሰማል። ይህን ያህል ነገረችን። ነብሩ ማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚጮህ ስጠይቃት ወደ ድስቷ ዞረች።

"እሱን አላውቅም" አለች። "እኔ ሴት ነኝ።"

ምስኪን፣ አልተማረችም፣ የአገሯን ነገር እንኳ አታውቅም፣ አልኩ በሆዴ። የወለል ማጽጃ ባልዲ ተሸካሚዋ እኔ፣ በማግስቱ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። አንድ ጀርመናዊ ፕሮፌሰር ስለ ካላባር የጻፈው ጡብ የሚያህል መጽሐፍ አገኘሁ። ሰውዬው ምንም አላስቀረም። የውስጠኛውን ክፍል ንድፍ ሥሏል፤ የነብሩ ድምፅ በምን መሣሪያ እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚይዘው፣ እጅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ሁሉ ዘርዝሯል። ሦስት ሳምንት ያንን አስሸመደድኳት። እናቷን እንዳናደክም ብለን አልነገርናትም።

ፈተናው ሰኔ ውስጥ ኖርድኤንድ ያለ ትምህርት ቤት ነበር። እናቷ ፈረቃዋን መቀየር ስላልቻለች እኔ የክት ልብሴን ለብሼ አደረስኳት። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፦ የሚባለውን ሁሉ ፕሮቶኮል በሚሉት የፈተና መዝገብ ላይ የምትጽፈው የክፍል አስተማሪዋ፣ እና ሽማግሌው። ሙሉ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ከዘራ። እኔ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ስስ ነው፤ ስስ ባይሆንም ጆሮዬን አስጠግቼ ነበር።

ንባቡን ወጣችው። የኤሊዋን ተረት ስትናገር ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ሳቁ። እፎይ አልኩ። ከዚያ ባህል ተጀመረ፤ አስተማሪዋ እንድትከታተል ይህ በጀርመንኛ ነው። ሰላምታ፣ ምግብ፣ ሙሽራ። በመጨረሻም ሽማግሌው፣ በኤክፔ ቤት ነብሩ የሚጮኸው እንዴት ነው ብለው ጠየቁ።

ልጄ ዘረገፈችው። ንድፉን፣ መሣሪያውን፣ የእጁን እንቅስቃሴ። እኔ ከበሩ ውጭ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አብሬያት እወጣለሁ፤ አንድ ቃል አልሳተችም። ምን እንዳለች እዚህ አልጽፈውም። እሱን ያን ቀን ተምሬያለሁ።

ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። በሩ ተከፈተና ልጅቷ ብቅ አለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ታንቴ፣ ግቢ ይሉሻል።"

አስተማሪዋ ፊቷ በርቷል። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋለች፤ እንዲህ ያለ ዝርዝር መልስ ሰምቼ አላውቅም፣ በእኔ በኩል ኖቴው አንድ ነው አለችኝ። እዚህ አገር ትልቁ ውጤት አንድ ነው። ሽማግሌው ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።

"ይህን የነገረቻት እናቷ ናት?" አሉኝ ሳይዞሩ።

"አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ከመጽሐፍ ላይ ነው ያስጠናኋት።"

"የማን መጽሐፍ?"

"የአንድ ጀርመናዊ ፕሮፌሰር።"

"የየት አገር ሰው ነሽ አንቺ?"

ነገርኳቸው። አባቴ ምን እንደነበሩ ጠየቁኝ። ቄስ አልኳቸው። ይኼኔ ዞሩ።

"አባትሽ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለውን ለአንቺ ለልጃቸው ይነግሩሽ ነበር?"

አንድ ጊዜ፣ በሰባት ዓመቴ መሰለኝ፣ መቅደስ ውስጥ የተጠቀለለው ምንድነው ብዬ አባቴን ጠይቄያቸው አውቃለሁ። አልተቆጡኝም። አንገቴን ደፍቼ እስክወጣ ድረስ ዝም ብለው አዩኝ። ያ መልስ በቂዬ ሆኖ ነው ያደግሁት። ታዲያ ለሰው መቅደስ ሲሆን የዩኒቨርሲቲ ንድፍ ይዤ ገባሁ።

አስተማሪዋ ግራ ገብቷታል። ፈተና እኮ እውቀትን ነው የሚለካው፣ ልጅቷም አውቃለች፣ አለች። ሽማግሌው፣ እኔ የጠየቅኳት በኤፊክ ወግ ማደጓን ለማየት ነው፤ በዚህ መልስ አልፈርምም አሉ። ያለ እሳቸው ፊርማ ፈተናው የለም። ልጅቷ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሆስፒታሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው የሚጠብቀኝ አለች።

የማውቀውን አደረግሁ። ጎንበስ አልኩና "አጥፍቻለሁ። እሷ ልጅ ናት፤ ቅጣቱ በእኔ ይሁን" አልኳቸው።

ሽማግሌው ይህንን ሲጠብቁ የቆዩ ይመስል ፊታቸው ፈታ አለ። ቅጣትማ አለው አሉ፤ አንድ ጠርሙስ መጠጥ። አስተማሪዋ ትምህርት ቤት ውስጥ አልኮል ክልክል መሆኑን ተናገረች። እሳቸውም፣ ነብሩ ግቢው ውስጥ መሆን ግድ ይለዋል ያለ የለም፤ በር ላይም ይቀበላል አሏት።

በክት ጫማዬ ጥግ ላይ ወዳለችው ኪዮስክ ሮጥኩ። ባለኪዮስኩ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ኮርን የሚሉትን አረቄ የምትገዛ ሴት ሲያይ ምንም አልመሰለውም፤ ደንበኞቹን ያውቃል። ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ፣ ከዛፍ ሥር፣ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥቂት መሬት ላይ አፈሰሱ። በኤፊክ ረጅም ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ቀምሰው ለእኔ ሰጡኝ። አስተማሪዋ አንዴ ወደ ርእሰ መምህሩ መስኮት፣ አንዴ ወደ ጠርሙሱ ስታይ ቆየችና የቡና ኩባያዋን ዘረጋች። ለልጅቷ አልተሰጣትም፤ ተፈታኝ ናት።

ተመልሰው ገቡ። እኔም በሩ ሥር ተመለስኩ። ሽማግሌው ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ጠየቁ፦ በኤክፔ ቤት ነብሩ የሚጮኸው እንዴት ነው? ልጅቷ መጀመሪያ በኤፊክ፣ ቀጥላም በጀርመንኛ መለሰች።

"እኔ ሴት ነኝ። አላውቅም።"

"በጣም ጥሩ" አሉ ሽማግሌው። "ይጻፍ።"

የአስተማሪዋ ብዕር ቆመ። አላውቅም ላለችው በጣም ጥሩ ብዬ ልጻፍ ወይ ብላ ጠየቀች። አዎ አሏት። የቅድሞቹን ሁለት ገጾችስ? ይቀደዱ። የፕሮቶኮል ገጽ ቁጥር ስላለው አይቀደድም። ከብዙ ድርድር በኋላ በማስመሪያ መስመር አሰመረችባቸውና ጎኑ ላይ "አልተባለም" ብላ ፈረመች። ሽማግሌውም ፈረሙ። የጠቅላላው ኖቴ ሁለት ሆነ፤ ጥሩ ማለት ነው። ማኅተሙ ሲያርፍ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

ባቡር ውስጥ ልጅቷ፣ "አላውቅም" ለማለት ሦስት ሳምንት ከመዋኛ መቅረት ያስፈልግ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለእናቷ እንዳልነግርም አስማለችኝ። አላስቸገርኳትም፤ እኔም እሷን ላስምላት እያሰብኩ ነበር።

ምስክር ወረቀቱ ሰኔ ሳያልቅ መጣ። ሆስፒታሉም ቦታዋን አልሰጠባትም፤ በመስከረም ነጭ ልብሷን ለብሳ ደረጃው ላይ አገኘኋት። እናቷ ያን የሚያህል ውጤት በእኔ ማስጠናት መጣ ብላ፣ ከካላባር ያስመጣችውን ባለ አበባ ጨርቅ እስከ ቤቴ ይዛልኝ መጣች። ልጅቷ ከኋላዋ ቆማ በዓይኗ ታየኛለች። ጨርቁ ያምራል። ተቀበልኩ።