ለቅሶዬን ይዤ ባቱ ወረድኩ

ሐሙስ ጠዋት፣ ከአዳማ

ጥቁሬን እንደለበስኩ መናኸሪያ ደረስኩ። ባለቤቴ ታደሰ ካረፈ ወዲህ ከአዳማ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ልቤ ግን ሽርሽር እንደሚሄድ ተማሪ ይዘል ነበር።

ታደሰ የሐይቅና የወንዝ ተመራማሪ ነበር። መንገድ ተዘግቶ ምሁራን መገናኘት ሲያቅታቸው፣ የመቀሌውን፣ የባሕር ዳሩን፣ የጅማውን፣ የሐዋሳውን በስልኩ ላይ አንድ ግሩፕ ውስጥ ሰበሰባቸው። ስለ ውሃ እየተከራከሩ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን ወሬው ወደ ፖለቲካ ዞረና አንዱ የባቱውን ዶክተር ገመቹን በዘሩ ሰደበው። ገመቹ ከግሩፑ ወጣ፤ ብዙዎች ተከተሉት። ታደሰ ሳይታረቅ ሞተ።

አሁን ስልኩ እኔ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ውይይቱ እንዲቀጥል ሁሉንም ጠርቻለሁ። ገመቹ ካልተመለሰ ግን ግሩፑ የአንድ ወገን ማኅበር ሆኖ ይቀራል። ስደውልለት አያነሳም። ስለዚህ ተነሳሁ።

ሞጆ እና መቂ

ሞጆ ላይ ከደረቅ ወደቡ የሚወጡ ከባድ መኪኖች መንገዱን ሞልተውት ቆምን። አጠገቤ የተቀመጡት የመቂ ቲማቲም ነጋዴ ልብሴን አዩ።

«ለቅሶ ነው የኔ ልጅ?»

«ባለቤቴ ሞቶብኝ ነው እማማ። አሁን የምሄደው ለቅሶ ያልደረሰኝ ሰው ቤት ነው።»

«ጉድ ፈላ! ሐዘንተኛ ለቅሶዋን ተሸክማ በየቤቱ ታድላለች እንዴ? አላስገባም ቢልሽስ?»

«በሩ ላይ እቀመጣለኋ።»

«እሱስ ደግ! ጎረቤቱ ሁሉ ሲወጣ እሱም ይወጣል» ብለው ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እኔም ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ።

ከቆቃ ወዲያ የሽንኩርት ማሳው አረንጓዴ ነው። መቂ ሲወርዱ ሳይሸጥ ከተረፋቸው ቲማቲም በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። ልክፈል ብል ተቆጡ። «ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም!»

«ለቅሶ ቤቱ እኮ እኔ ነኝ እማማ።»

«ቢሆንም!»

ባቱ

ሐይቁ በግራችን ብልጭ ሲል ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ታደሰ ሁሌም እዚህ ቦታ ላይ «አየሽው?» ይለኝ ነበር።

በሩን የከፈተው ራሱ ገመቹ ነው። ጥቁሬን ሲያይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ወይኔ! እትዬ አልማዝ፣ መምጣት የነበረብኝ እኔ!»

«አካም ጅርቱ ዶክተር» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኩት። «ቢቀሩብኝ መጣሁ።»

ሚስቱ ጫልቱ ከኋላው ብቅ አለች። «ሂድ ብለው በምን ፊቴ እያለ በጓሮ ሲያለቅስ ነበር» አለችና ቲማቲሙን ተቀብላኝ ለዓሣ ወጥ ልትከትፍ ገባች።

ገመቹ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። በገዛ ቤቱ እንደ ለቅሶ ደራሽ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እንዲህ አለኝ።

«ስድቡን እችለው ነበር። የታደሰ ዝምታ ነው የጎዳኝ። ስልኬ ላይ ‹ታደሰ እየጻፈ ነው› ይላል። ጠበቅኩ። ይጠፋል፤ ደግሞ ይመጣል። ምንም ሳይልክ ሲቀር ወጣሁ።»

«አጠገቡ ነበርኩ» አልኩት። «እራቱ እስኪቀዘቅዝ ይጽፍና ይሰርዝ ነበር። ‹ገመቹን የሚመጥን ቃል አጣሁ› አለኝ።»

ገመቹ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይመጣም ዶክተር። ቅዳሜ ወደ ግሩፑ ሲመለሱ የወጡትን ይዘውልኝ ይምጡ» አልኩት።

«አንዳንዱ በሬ ነው፤ አይጎተትም።»

ጫልቱ ከማድ ቤት ጮኸች፦ «አንተን ጎትታህ የለም?»

ቅዳሜ፣ አዳማ

ቤቴ ገብቼ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። መቀሌ ገባ። ባሕር ዳር ገባ። ሐዋሳ፣ ጅማ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ እኔም አብሬው ተቆራረጥኩ። በመጨረሻ ገመቹ ገባ፤ ከኋላው ሌሎቹ ተከታተሉ። ተሳዳቢው ማንም ሳያዘው «ይቅርታ፣ ወንድሜ» ብሎ ጻፈ። ገመቹ «ተቀብያለሁ፤ አሁን ወደ ሐይቁ» አለው። ወዲያው ስለ እምቦጭ አረም ክርክሩ ጦፈ፤ ደስታዬ መቀመጫ አሳጣኝ።

መንገድ ሲዘጋ ስልክ ያገናኛል። ስልክ ሲዘጋ ደግሞ አንድ ሰው መንገድ መውጣት አለበት። ከባቱ ይዤ የተመለስኩት ይህንን ነው።

እኔም አንድ ቃል ልጽፍ ጀመርኩ። ስልኩ የእሱ ነውና ሁሉም ዘንድ «ታደሰ እየጻፈ ነው» አለ። ክርክሩ ቀጥ አለ። ገመቹ ብቻ፣ «እንጠብቃለን» አለ።

ጣቴ ቀርፋፋ ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀምኩት፦ «ቀጥሉ።»

ሳልሰርዝ ላክሁት።