የጋሼ መኮንን የጸሎት ወረቀት

ባለፈው ሐሙስ፣ ጋሼ መኮንን ባረፉ በማግስቱ ጠዋት፣ እዚህ ውጭ አገር ግሮቭፖርት የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ጠራ... የደብራችን ቄስ ናቸው።

«የጋሼ መኮንን ክርስትና ስም ማን ነበር? ነገ ለፍትሐቱ ያስፈልገኛል» አሉኝ።

ክው አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ፎረስት ፓርክ ካለው ቤታቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመላለስኳቸው እኔ ነኝ። የሚውጡትን ኪኒን፣ የተኳረፉትን ጎረቤት ሳይቀር አውቃለሁ። ክርስትና ስማቸውን ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ፍትሐት ደግሞ በዓለም ስም አይደረግም። አፈርኩ።

ጋሼ መኮንን ድሮ የባሕር ኃይል ነበሩ። በጦርነቱ የተሸለሙት ሜዳሊያ የሚኖረው ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ስለሱ ከጠየቅኳቸው ወሬ ይቀይራሉ። ሳይጠየቁ የሚያወሩት ስለ መርከብ ጓደኛቸው ስለ ደሳለኝ ብቻ ነበር። ምጽዋ አጠገብ መርከባቸው ተመትታ ስትሰምጥ ጋሼ ጀልባ ላይ ወጥተው ተርፈው ነበር። ደሳለኝ ባሕሩ ውስጥ ሲንፈራገጥ ሲያዩ ተመልሰው ዘለሉ።

«እጁን ይዤው ነበር... ማዕበሉ ነጠቀኝ» ይላሉ። ሁሌም እዚያ ላይ ያቆማሉ።

ደሳለኝ የሞተበት ቀን በደረሰ ቁጥር፣ ስሙ በጸሎት እንዲጠራለት ለቄስ የሚሰጥ የጸሎት ወረቀት ያጽፉኛል፤ የራሳቸው እጅ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያው ዓመት «ክርስትና ስሙስ?» ስላቸው ባዶውን ወረቀት ትክ ብለው አይተው «ተክለ ማርያም በል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንደዚያው እጽፋለሁ።

እንግዲህ ለሰው ስም እንዲህ የተጨነቁ ሰውዬ ራሳቸው ያለ ስም አይቀበሩም ብዬ ማልኩ። ሱፐርቫይዘሬን አስፈቅጄ ደጅ ወጣሁ። የዕድሩን ሰብሳቢ ኮል አደረግኩ፤ አያውቅም። አከራያቸውን ኮል አደረግኩ፤ «እኛማ ጋሼ ነው የምንላቸው» አለችኝ። ስምንተኛው ሰው ላይ ደብረ ማርቆስ ያሉት ታላቅ እህታቸው ቁጥር ተገኘ።

«እትዬ አልማዝ፣ የጋሼን ክርስትና ስም ይንገሩኝ።»

ለቅሷቸውን ዋጥ አድርገው «ተክለ ማርያም ነው ልጄ» አሉ።

«እሱ የደሳለኝ ነው እትዬ። የጋሼን ነው የምፈልገው።»

«ደሳለኝ... ያ የሰመጠው? የሱንማ የት አውቆት። ሳልጠይቀው ሄደብኝ እያለ ሲቆጭ የኖረ ሰው። ተክለ ማርያም የወንድሜ ነው፤ ክርስትና ሲነሳ እዚያው ነበርኩ።»

ደጁ ላይ ያገኘሁት የዕቃ መደርደሪያ ፓሌት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ ጋሼ ለደሳለኝ ሲያጽፉኝ የኖሩት የራሳቸውን ስም ነው።

አርብ ዕለት ፍትሐቱ ሳይጀመር ስም የጻፍኩበትን ወረቀት ለቄሱ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ተሳስተሃል ልጄ፤ ተክለ ማርያምን ሁለት ጊዜ ጽፈኸዋል።»

«አልተሳሳትኩም አባ። ሁለት ሰው ነው... ሁለቴ ይጥሩልኝ።»

ሁለቴ ጠሩ።