እናቴ ልጇን አንቱ ያለችበት ጫካ

አባቴ የተቀበረው ጫካ ውስጥ ነው። ጫካው የኪዳነ ምሕረት ነበር፤ ከስሜን ገደል ሥር፣ ከመንደራችን ትንሽ ከፍ ብሎ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ገበዝ ሆኖ ኖሯል። ገበዝ የሚጠብቀው ንዋየ ቅድሳቱን ነው፤ እሱ ግን ከጽናጽሉና ከመስቀሉ ይልቅ ስለ ዛፎቹ ነበር እንቅልፍ የሚያጣው። በንጉሡ ዘመን የአገሩ ጭቃ ሹም ለአዲስ ቤቱ ምሰሶ የሚሆን ጥድ ቢጠይቀው፣ «ከእኔ አንገት ጀምር» ብሎ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ዋለ። ለራሱ ቤት እንኳ ከዚያ አንዲት ማገር አልቆረጠም። እንጨቱን ከቆላ በአህያ አስጭኖ ስላመጣ የቤታችን ወራጅ ሁሉ ጠማማ ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስ ነበር፤ እናቴም በየክረምቱ ታማርር ነበር።

አባቴ በሞተ በጥቂት ወር ውስጥ ከመንደራችን ውጡ ተባልን። አብዮቱ ከመጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ወታደሮችና አንድ ካፖርት የደረበ ሹም መጡና የገበሬ ማኅበሩ ሜዳ ላይ ሰበሰቡን። አገሩ የዋሊያ ነው፤ ሰው ከብቱን ይዞ ይውጣ አሉን። አንድ ሽማግሌ፣ «ዋሊያውም እኛም እዚሁ ነው የተወለድነ፤ የቱ ነው እንግዳ?» ብለው ጠየቁ።

ከሹሙ ጀርባ፣ አዲስ ካኪ ለብሶና ጠመንጃ ይዞ፣ ታላቅ ወንድሜ ቆሟል። ከዓመት በፊት ነበር እስካውት ሆኖ የተቀጠረው፤ የዱር አራዊት ጠባቂዎቹን እንዲያ ነበር የምንላቸው። ስብሰባው እንደ ተበተነ ወደ ቤት መጣና እናቴን ለብቻዋ ያዛት።

«እማዬ፣ አንቺ ቀድመሽ ጫኚ። የገበዙ ቤት ሲወጣ ካዩ ሌላውም ሳይደበደብ ይወጣል።»

እናቴ ልጇን አመነችው። በማግሥቱ ከሁሉ ቀድማ ጫነች። ጎረቤቶቻችን በየደጃፋቸው ቆመው አዩን። እነሱ ግን ሳይደበደቡ አልወጡም፤ ጎጇቸውም ተቃጠለ። ካህናቱ ታቦቱን ይዘው ወጡ። ከመንደሩ ሰው ብዙው ደባርቅ ገባ፤ እኛም ገባን። ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቴ ስሟ ጠፍቶ «የእስካውቱ እናት» ሆነች። ማኅበር አልጠሯትም። ገበያ ላይ ሰላምታ ስትሰጥ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ እያደረጉ ያልፏት ነበር።

እኔ በዚያ ሰሞን ከባሌ ተፋትቼ፣ ደባርቅ ከገበያው በላይ እናቴ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ከእሷ ጋር እኖር ነበር። ጠላ እየጠመቅን ለገበያተኛ እንሸጣለን። ወንድሜ አልፎ አልፎ በገበያ ቀን ከሥራው ሲወርድ ይጎበኘናል። እናቴ ስለ መንደሩ ክፉ ቃል ተናግራው አታውቅም። ሲመጣ ታበላዋለች፤ ሲሄድ ትመርቀዋለች።

አንድ ቅዳሜ በልቶ እጁን ሲታጠብ እንዲህ አለችው፤

«የአባትህ ሙት ዓመት አለፈ። ቄስም አልጠራሁ፣ መቃብሩንም አላየሁ። ውሰደኝ።»

«እማዬ፣ ክልክል ነው። ባለፈው ለአክስቱ ልጅ በጎች እንዲግጡ ዝም ያለው ጓደኛችን ተባረረ፤ ታሰረም።»

«እኔ በግ አይደለሁም፤ ሣር አልግጥብህም።»

ወንድሜ ሳቀ። ሲስቅ አባቴን ይመስላል። እናቴም ያንን አውቃ ዐይኗን ከፊቱ አላነሣችም። መጨረሻ ላይ፣ «እሺ፣ አለቆቹ በማይኖሩበት ቀን እልክብሻለሁ» አለ።

በጥቅምት ላከብን። ገደሉ አፍ ላይ ካለ የዘመድ ቤት አድረን፣ ማለዳ ቁልቁለቱን ጀመርነው። እናቴ ጧፍና ትንሽ ዳቦ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራለች። ወንድሜ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ጠበቀንና ከፊት ከፊት እየሄደ መራን። መምራት እንኳ አያስፈልገንም ነበር።

መንደሩ ስንደርስ ቤታችን የነበረበትን ያወቅነው በሳማው ነው። ሳማ ሰው የኖረበትን መሬት ይወዳል፤ በየቤቱ ቦታ ላይ ክብ ክብ እየሠራ በቅሏል። እናቴ በሳማው መካከል ቆማ፣ «ይኼ የኛ፣ ያ የእትዬ፣ ያ የመሪጌታ» እያለች በጣቷ አሳየችኝ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ጠበቀን።

ከዚያ ጫካው ውስጥ ገባን።

ስለዚያ ጫካ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እንደዚያ ቀን አምሮ አይቼው አላውቅም። ጥዶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከኮሶዎቹ ቅርንጫፍ የዛፍ ሽበት እስከ ፊታችን ድረስ ይንጠለጠላል። ፀሐዩ በቅጠሉ መካከል እየሾለከ ይወርዳል። መሬቱ ረግረግ ያለ፣ እርጥብ፣ የእግራችንን ኮቴ የሚውጥ ነበር። አንድ ድኩላ ከወይራው ሥር ቆሞ አየን፤ ሳይሮጥ እያኘከ ተመለከተን። ከሩቅ ከምትጮህ ዋኔ በቀር ድምፅ የለም። እኔ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ ወዲያው አፈርኩ።

እናቴ ቆም አለች። «ምነው እንዲህ ጭር አለ?» አለች። «አባታችሁ ሳለ እንዲህ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቆሎ ተማሪ ይጮኻል፣ ከዚያ ወዲያ ሴቱ ውኃ ሲቀዳ ይንጫጫል፣ የድንጋዩ ደወል አለ። ጫካው ሰው ይለምድ ነበር።»

የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ወድቋል፤ ግድግዳው ግን ቆሟል። የአባቴ መቃብር ከምሥራቁ በኩል ነው። ድንጋዮቹ በሣር ተሸፍነዋል እንጂ አልተነኩም። እናቴ ተንበርክካ ሣሩን በእጇ ነቀለች፤ እኔም አገዝኳት። ለቅሶ አልነበረም። እንደ ቤት ሥራ አጸዳን። ከዚያ ጧፉን አወጣች።

ወንድሜ ዐየና አመነታ። ጫካ ውስጥ እሳት ማንደድ ከክልክልም ክልክል ነበር። ግን ክብሪቱን ከኪሱ ያወጣው እሱ ነው። ነፋስ ሲያስቸግራት ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከመቃብሩ ጎን ተንበርክኮ፣ ጧፏን ከለላት። እናቴ ያን ጊዜ እጇን ራሱ ላይ አድርጋ፣ «የአባትህ አምላክ ይከልልህ» አለችው። በእኔም በእሷም ሆድ የነበረው ቂም ያን ጊዜ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

የሰው ድምፅ የሰማነው ዳቦውን ልትቆርስ ስትል ነው። ከላይ በኩል፣ ከቁልቁለቱ፣ ሰዎች እያወሩ ይመጣሉ። ወንድሜ ብድግ አለ። ባርኔጣውን ጭንቅላቱ ላይ አደረገና ጧፏን በቦት ጫማው ረገጣት። አንዴ ረግጦ አልበቃውም፤ አፈር ውስጥ እስክትገባ ድረስ አሻት።

መጀመሪያ አንድ ሌላ እስካውት፣ ቀጥሎ ካፖርት የለበሰው ሹም፣ ከኋላው ካሜራ ያንጠለጠለ ረጅም ፈረንጅ ከዛፉ መካከል ወጡ። ሹሙን አወቅነው፤ ሜዳው ላይ ሰብስቦ ያስወጣን እሱ ነው። እሱ ግን አላወቀንም።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለ፣ ወንድሜን።

ወንድሜ ቀጥ ብሎ ቆመ። «አላውቃቸውም፣ ጓድ። አሁን ነው ያገኘኋቸው።»

«ከየት መጡ?»

«እንጃ። መንገደኞች መሰሉኝ።»

ሌላው እስካውት ያውቀናል። ከቤታችን ጠላ ጠጥቷል። ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ።

አፌን ከፈትኩ። እናቴ ግን ነጠላዬን ጨብጣ ያዘችኝ። ቀስ ብላ ከመቃብሩ ተነሣች፣ ጉልበቷን አራገፈች፣ ለሹሙ እጅ ነሣች።

«እውነት ነው፣ ጌታዬ። ወደ አምቢኮ መንደር ስንሄድ መንገድ ስተን ነው። እኒህ ጌታ ናቸው ያገኙን።» ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች። «እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ባያገኙን አውሬ ይበላን ነበር።»

ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው። ለልጇ። በአባቱ መቃብር ላይ።

ሹሙ ተቆጣ። አብዮታዊው መንግሥት ደኑን የሚጠብቀው ለሰፊው ሕዝብ መሆኑን አስረዳን። «እንደ እናንተ ያለው ሰው እዚህ ቢቆይ ኖሮ አንድ ዛፍ አይቀርም ነበር። ይኼ ሁሉ የቆመው እንደ እናንተ ያለውን ስላስወጣን ነው» አለ፤ በእጁም ጥዶቹን አሳየን። እናቴ አሻቅባ ጥዶቹን አየች። ባሏ ለእያንዳንዳቸው ሲጣላ፣ እሷ በሚያፈስ ቤት የኖረች ሴት ናት።

ፈረንጁ ስለ እኛ ግድ አልነበረውም። ዐይኑን ጨፍኖ አየሩን ሳበ፤ ከዚያ ለሹሙ በቋንቋው ነገረው። የሹሙ ቁጣ በረደ፤ ፈገግ እያለ ተረጎመልን። «እንግዳችን እንዲህ ያለ ሰላም የሰፈነበት ቦታ አይቶ አያውቅም።»

«ሰው ከሌለማ ሰላም ነው፣ ጌታዬ» አለች እናቴ።

ሹሙ ስድብ ይሁን ምርቃት አልገባውም። ወንድሜን፣ «አስወጣቸው» አለው።

ወንድሜ ከፊት ሳይሆን ከኋላችን ሆኖ ነዳን፤ ከብት እንደሚነዳ። ከሹሙ ዐይን እስክንሰወር በችኮላ ሄድን። ከዚያ ሮጦ ከፊታችን ቆመ።

«እማዬ፣ ምን ላድርግ? ያስሩኝ ነበር። እንጀራዬ ነው።»

እኔ አልቻልኩም። «አንተ ከንቱ!» አልኩት። «ከአባትህ አጥንት ላይ ቆመህ እናትህን ትክዳለህ?» ሌላም ብዙ አልኩት፤ አሁን አልጽፈውም።

እናቴ አልጮኸችም። «ዝም በይ» አለችኝ። ቀጥላ ለእሱ፣ «ይመለሱ፣ አለቆችዎ ይጠብቃሉ። መንገዱን እናውቀዋለን» አለችው።

ቀልድ መስሎት ነበር መሰለኝ ሊስቅ ሞከረ። እሷ ግን አልፋው መሄድ ጀምራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ገበያ አንድ ቅል ማር ይዞ መጣ። እናቴ ከመደቡ ብድግ አለች፤ ቄስ ሲገባ እንደምትነሣው። «ይግቡ። ይቀመጡ። ምሳ ይቅረብልዎ?» አለችው። ከማሩም ቀመሰችለት፣ ጠላም ቀዳችለት። ወንድሜ አንድ ጉርሻ አልዋጠም። ጠመንጃውን ከግድግዳው አስደግፎ፣ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን ለመናት።

«እማዬ፣ አንተ በይኝ። ስደቢኝም፣ ምቺኝም፣ ግን አንተ በይኝ።»

«አንተ የምለው ልጅ ነበረኝ፣ ጌታዬ» አለችው። «እሱ አላውቃትም ብሏል።»

ወንድሜ ወጥቶ ሄደ፤ ለረጅም ጊዜም አልመጣም። የእናቴን ሆድ ለማወቅ ብዙ ጣርኩ። ቁጣ ብቻ አልነበረም። የመጣ ሰው ስለ ልጇ ሲጠይቃት፣ «ደኅና ናቸው» ትላለች።

ዓመታት አልፈው ጦርነቱ ወደ እኛ ሲጠጋ፣ ጠባቂዎቹ ካምፓቸውን ጥለው ተበተኑ። ወንድሜ ካኪውን አውልቆ፣ የገበሬ ቡልኮ ለብሶ፣ እግሩ ቆስሎ ቤታችን ገባ። እናቴ አልመለሰችውም። ውኃ አሙቃ እግሩን አጠበች፣ መደቧን ለቀቀችለት፣ ከእኔ ጋር መሬት ላይ ተኛች። ክረምቱን በዚያች ክፍል ሦስታችን ከረምን። አንድም ቀን አንተ አላለችውም። አዳዲስ ጎረቤቶቻችን ነገሩን ስለማያውቁ፣ «እንዴት ያለች ጨዋ ናት፤ የወለደችውን አንቱ የምትል!» እያሉ ያደንቋት ነበር። ወንድሜ ያን ሲሰማ ደጅ ይወጣል።

በታመመች ጊዜ፣ ከመሞቷ በፊት፣ እኔው ለመንኳት። ቂሜ ከእሷ በፊት ደክሞ ነበር። «ይቅር በይው እንጂ» አልኳት።

«ይቅር ካልኩትማ ቆየሁ» አለችኝ። «ምላሴ ነው እንቢ ያለኝ። ሞክሬዋለሁ። ተኝቶ ሳለ ቀስ ብዬ ልጠራው ሞክሬ ነበር። አልወጣልኝም።»

ይህን ለወንድሜ ነግሬው አላውቅም። እንደሚያጽናናው ወይም እንደሚገድለው መለየት አቅቶኝ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

«ከባሌ ጎን ቅበሩኝ» ብላ ነበር። መንገዱ ወታደር ሞልቶበት ስለነበር አልቻልንም። ደባርቅ ቀበርናት። ከእኛ ጋር ከመንደራችን የወጡት ሰዎች ከቤታችን ብዙም ሳይርቁ ነበር የሚኖሩት፤ የቀብሯን ጡሩንባም ሰምተዋል። ከእነሱ የመጡት ሁለት አሮጊቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ከሩቅ ቆመው አፈሩ ሳይመለስ ሄዱ።