የእሑዱ ድርሻ

ሰው «ያን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ» ብሎ ወሬውን ሲዘጋው ደሜ ይፈላል። እንደ ክትባት አንዴ ተወግተው የሚገላገሉት ነገር ይመስለዋል። እኔ ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ልብ ወለድ ላይ ስመላለስ ኖሬአለሁ። ሽፋኑ ስለወለቀ ባለቤቴ በካርቶን ሰፍቶልኛል፤ የገጾቹ ጠርዝ በእጄ ብዛት ጠቁሯል። የአንድ ታንኳ ቀዛፊ ልጅ ከሐይቅ ዳር ቤቷ ወጥታ ከተማ የምትገባበት፣ ተንገላታ ተምራ ሰው የምትሆንበት ታሪክ ነው። ትልቅ መጽሐፍ ነው አልልም። ወረታን ዞራችሁ ብትጠይቁ የሚያውቀው ሰው አታገኙም።

መጀመሪያ ሳነበው የልጅቱን ድፍረት ወደድሁ። መምህርት ሆኜ አምስት ዓመት ሩቅ ቆላ ሠርቼ ስመለስ፣ አባቴ ቤት ትቼው የሄድሁትን መጽሐፍ አንሥቼ ደገምሁት፤ ያን ጊዜ ብቸኝነቷ ገባኝ። ልጅ ከወለድሁ በኋላ ደግሞ እናቷ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ያን ሁሉ ዘመን እዚያው ገጹ ላይ ነበረች፤ እኔ ነኝ ያላየኋት። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ተነበበ የሚባለው መቼ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

አባቴ ቄስ ናቸው። ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ክረምት ውሃ ሲተኛበት እግር ደርቆ ከሚቆምባቸው ጥቂት ጉብታዎች በአንዱ ላይ ያለችውን ደብር ዕድሜ ልካቸውን አገልግለዋል፤ ከቅዳሴ መልስ ሩዛቸውን ያርማሉ፣ ከብታቸውን ያያሉ። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስላረፈች ቤቱን የምንይዘው እሳቸውና እኔ ነበርን። አንድ ቀን የሩዝ ወፍ ልጠብቅ ማማ ላይ ወጥቼ ወፉ ከታች ሲዝናና እኔ አነባለሁ። አባቴ መጡና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ልብ ወለድ ነው አልኋቸው። «ያልሆነ ነገር ነዋ» ብለው ወፉን አባርረው ሄዱ።

አልተቆጡም፣ አልነጠቁኝም። ቢነጥቁኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ቁም ነገር መስሏቸዋል እል ነበር። ያቺ «ያልሆነ ነገር» ጉሮሮዬ ላይ ቀርታ አብራኝ አረጀች። ሌላ ሰው መጽሐፌን ቢወደው ባይወደው ግድ የለኝም። አባቴ ግን አንድ ቀን ጥሩ ነው እንዲሉኝ እፈልግ ነበር። አርባ ዓመት አልፎኝ፣ የሰው ልጅ እያስተማርሁም፣ ይህን እፈልግ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በፊት ዓይናቸው ደከመ። መጀመሪያ ወንዛዬ ወርደው ፍል ውሃ ገቡ። እሱ ለጉልበት እንጂ ለዓይን አይሆንም ብዬ ብከራከር ማን ሰምቶኝ። በኋላ ባሕር ዳር ወስጄ ሳሳያቸው ጊዜው አልፏል ተባልን። አሁን ብርሃንና የሰው ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊደል አይለዩም። ቤታቸውን ዘግተው ወረታ እኔ ዘንድ ገቡ።

ጠዋት ጠዋት አይቸገሩም። የጸሎት መጽሐፋቸው በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ ለሰኞ የሰኞው፣ ለማክሰኞ የማክሰኞው እየተባለ እስከ እሑድ ይደርሳል። ሰኞ እንደገና ይጀመራል። ሁሉንም በቃላቸው ስለያዙት ዓይን አያሻቸውም። የሚከብዳቸው ከሰዓት በኋላው ነበር። በረንዳ ላይ ወንበራቸውን ይዘው፣ ዝናቡን እየሰሙ፣ ሰው ሳይጠራቸው ዝም ብለው ይውላሉ። ዝምታቸው አስጨነቀኝ።

ክረምት ስለነበር ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔም ቤት ነኝ። የግእዝ መንፈሳዊ መጽሐፍ ላነብላቸው ሞከርሁ። በየመስመሩ የንባቤን ዜማ ያርሙኛል፤ የሚነሣውን ጣልሽው፣ የሚወድቀውን አነሣሽው ይሉኛል። አንድ ገጽ ሳንጨርስ ሁለታችንም ላብ በላብ ሆንን። በሦስተኛው ቀን ተናደድሁና የራሴን ልብ ወለድ ይዤ ወጣሁ። እሱ ላይ እንኳ የሚያርሙኝ የላቸውም። ልጅ ሆኜ የማነበው መጽሐፍ ነው፣ ላንብብልዎ ብዬ ጠየቅሁ።

 አይሆንም ሊሉኝ ነው ስል፣ ምዕራፉ ስንት እንደሆነ ጠየቁ። ልጄ ቆጠረችላቸው። ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እያንቀሳቀሱ ቆዩና ለሰባቱ ዕለታት አካፈሉት። የሰኞው እስከዚህ፣ የማክሰኞው እስከዚህ። ሳምንቱ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ልንደግመው ነው ማለት ነው። ልብ ወለድ እንዲህ አይነበብም፣ ይህ ጸሎት አይደለም አልኋቸው።

«መጽሐፍ ግን ነው» አሉ።

ከ«ያልሆነ ነገር» ወደ «መጽሐፍ» መሻገሩን ቆጥሬ ደስ አለኝ። ጣጣው የመጣው እሑድ ላይ ነው። በሰንበት ልብ ወለድ አይነበብም፤ ያውም እሑድ ቅዳሴ አለ፣ ከቅዳሴም በኋላ ማኅበር አለ፣ የታመመ መጠየቅ አለ አሉ። እንግዲያው ለስድስት ቀን እናካፍለው አልሁ። «ሳምንት ስድስት ቀን ነው እንዴ?» ብለው ገረመኝ ባይ ሆኑ። በዚህ ዓይነት የእሑዱ ድርሻ ለእሑድ ተመድቦ፣ እሑድ ደግሞ ሳይነበብ ያልፋል። የእሑዱ ድርሻ የመጽሐፉ መጨረሻ ነው።

ሳምንቱ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ። ልጄ መጀመሪያ አያቷን ለመደገፍ ብላ ስልኳን ይዛ አጠገባቸው ትቀመጥ ነበር፤ እየቆየ ስልኩ ኪሷ ገባ፣ ዓረፍተ ነገሬን ከአፌ እየነጠቀች መጨረስ ጀመረች። ባለቤቴ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው የሚሠራው። ገለባውን ከፀጉሩ ሳያራግፍ በረንዳው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ጫማውን ሲያጸዳ ይቆያል። መጽሐፍ አልወድም ይላል፤ እኔም አምኜው ነው ያገባሁት። አንድ ሐሙስ አምሽቶ ገባና ልጅቱ ከዚያ ክፉ ሴትዮ ቤት ወጣች ወይ አለኝ። ባለፈው ሐሙስም ወጥታለች፣ ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስም ወጥታለች አልሁት። እሱስ ልክ ነው፣ ዛሬስ ወጣች ወይ አለኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አባቴ ስለ መጽሐፉ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ይሰማሉ፤ ሲያልቅ «እግዜር ይስጥሽ» ይላሉ፤ በቃ። መጨረሻውን ቢሰሙ ዝም ማለት አይችሉም ብዬ አመንሁ። ልጅቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ሐይቁ ዳር ተመልሳ የምትቆምበትን ገጽ ሰምቶ ዝም የሚል ሰው የለም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ብልጠት አማረኝ። የቅዳሜው ድርሻ አልቆ ሳለ ድምፄን ሳልለውጥ ወደ እሑዱ ገባሁ። ሁለት መስመር ሳልሄድ እጃቸውን አነሡ። የቅዳሜው አልቋል አሉኝ። በምን አወቁ ብል፣ ድምፅሽ ቸኮለ አሉ።

ልጄ መታገሥ አልቻለችም። በማግስቱ እሑድ እኛ ቤተ ክርስቲያን ሳለን እሷ አሞኛል ብላ ቀርታ መጨረሻውን ለብቻዋ አነበበችው። ከልጅነቷ ጀምሮ መጽሐፍ እንድታነብ ስለምናት የኖርሁ ሰው፣ በሰንበት ዋሽታ ስላነበበች ልቆጣት ይሁን ልስማት ቸገረኝ። እንዴት ነው አልኋት፣ ዓይን ዓይኗን እያየኋት። ፊቷ አላማረኝም። ያ አባቷ ያሳዝናል አለችኝ።

የትኛው አባቷ? መጽሐፉን ተቀብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና አነበብሁት። እውነቷን ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ገጽ የማይሞላ ነገር አለ። ልጅቱ የምትመለሰው በአዲሱ መንገድ በመኪና ነው፤ ድልድይ ከተሠራ ወዲያ በታንኳ የሚሻገር ሰው የለም። አባትዮው ግን ከሐይቅ ዳር ሣር ከደንገል የሚታሰር ታንኳ በውሃ ቶሎ ስለሚበሰብስ በየዓመቱ አዲስ ደንገል አጭዶ፣ አዲስ ታንኳ አስሮ ዳር ላይ ያቆመዋል። ልጁ ከማዶ ብትጣራስ ብሎ ነው። ይህን ስንት ጊዜ አልፌው ሄጃለሁ፤ ዓይኔ ሁልጊዜ ልጅቱ ላይ ነበር። አፈርሁ፣ ደግሞም ልጄ ያየችውን እኔ ባለማየቴ ትንሽ ቀናሁ።

ከዚያ በኋላ በመጣው እሑድ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረ ዝናብ መንገዱን ሁሉ ጭቃና ውሃ አደረገው። አባቴ ጉንፋን ይዟቸው ያስሉ ነበር፤ ባለቤቴና ልጄ ቅዳሴ ሄዱ፣ እሳቸውና እኔ ቀረን። ከፍቷቸዋል። ጸሎታቸውን ጨርሰው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዙረው ተቀመጡ። አጠገባቸው ሆኜ ብዙ ጊዜ አቅማማሁ። በመጨረሻ፣ ዛሬ እንኳ የእሑዱን ላንብብልዎ አልሁ።

«ተይው፣ ልጄ» አሉ። «የእሑዱን እኔ ልበልልሽ።»

ከዚያም ጀመሩ። ስለ ድልድዩ አሉ፣ ስለ መኪናው አሉ። ወደ አባትዮው ሲደርሱ ደንገሉን የሚያጭድበትን፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ የሚያስርበትን፣ ማዶ ማዶ የሚያይበትን፣ አንድ ቃል ሳያዛንፉ አሉት። እኔ ያንን ገጽ በዚህ ቤት አንብቤላቸው አላውቅም። ልጄም አላነበበችላቸውም፤ እሷ ብታደርገው ኖሮ ሳትነግረኝ አታድርም ነበር።

«አባ፣ ይህን አልሰሙትም እኮ» አልሁ።

«አንብቤዋለሁ።»

«መቼ?»

«አንቺ ቆላ የወረድሽ ጊዜ ነዋ። መደቡ ላይ ትተሽው ሄደሽ። ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ ይህች ልጅ ምን እያየች ነበር የምትስቀው ብዬ ገለጥሁት።» ሳል አቋረጣቸው፤ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። «እንደ ጸሎቱ አካፈልሁት። የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ።»

«እሑድም?»

«እሑድም። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ እሑዱን ከለከሉኝ አልኋቸው። የዚያን ሰውዬ ነገር በአንቺ ድምፅ መስማት ስላልቻልሁ ነው አሉኝ። እንባዬ መጣ፤ ዓይናቸው ባያይም ነጠላዬን ፊቴ ላይ አደረግሁ። በዚያ ዘመን ክረምት በመጣ ቁጥር የመምህራን ሥልጠና እየያዘኝ እቀር ነበር። መንገዱም ሩቅ ነበር። እሳቸውም በየሰው የሚልኩልኝ ቃል «ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ» የሚል ብቻ ነበር፤ እኔም ደህና ናቸው ብዬ ሥራዬን እሠራ ነበር።

«ስንት ጊዜ አነበቡት?» አልሁ።

«እኔ እንጃ። እሑድ ስጨርሰው አልመጣሽም፤ ሰኞ እንደገና እጀምረዋለሁ።» እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ዳበሱ። «ስትመጪ ተውሁት።»