የአሥራ ሁለት ሴኮንድ ጭብጨባ

የክልላችን ቴሌቪዥን ሲከፈት የነበረን አንድ ካሜራ፣ ሁለት ዜና አንባቢና ማለቂያ የሌለው ስብሰባ ነበር። ካሴት ውድ ስለሆነ ዛሬ ያስተላለፍነውን ነገ ሰርዘን በላዩ እንቀርጽበታለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን እያደር ይሰረዛል። የጣቢያው ታሪክ ይጻፍ ተብሎ ኮሚቴ ቢቋቋም፣ መጋዘን ገብቶ ያገኘው የሪባን ቆረጣ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተረፈች አንዲት አሥራ ሁለት ሴኮንድ ናት። ያተረፋት፣ ቅንብር ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ የኖረው፣ እኛ ጋሽ መቀስ የምንለው ሰውዬ ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት የሽልማት ቀን ላይ የወላጆቹን ጭብጨባ ቆርጦ አስቀመጠ። ከፊት አንድ ቀጭን አባት አለ፤ ከወንበሩ ብድግ ብድግ እያለ ከልቡ ያጨበጭባል። የእኛ ተሰብሳቢዎች ግን ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ አበሉን ይጠብቃል። ስለዚህ የትኛውም ሹም ንግግሩን ሲጨርስ ጋሽ መቀስ እሷኑ ይሰካል። ቀጭኑ ሰውዬ ለአራት የክልል አስተዳዳሪዎች አጨበጨበ። አራተኛው ሦስተኛውን ሌባ ሲለውም አጨበጨበ። እኛ የድምፅ ክፍሎች ደግሞ ከፍ እናደርግለታለን። ከመካከላችን ያፈረ የለም።

ጋሽ መቀስ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው አንዲት ጠና ያሉ ሴት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

"ዜና ላይ የሚያጨበጭበው ባለቤቴ ነው" አሉ።

"ይግቡ እንጂ እትዬ። ደህና ናቸው?"

"ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ።"

ጋሽ መቀስ ወንበር ሳበላቸው።

"አስተማሪ ነበር። ከሥራ ያባረረው ይኸው የአሁኑ አስተዳዳሪያችሁ ነው፣ ያኔ ትምህርት ቢሮ ሳለ። በዚያው ተክዞ ታመመብኝ። አሁን ማታ ማታ ለእሱ ሲያጨበጭብ ቁጭ ብዬ አያለሁ። እባክዎ ወንድሜ፣ አሳርፉት።"

"የዚያን ዕለት ያጨበጨቡት ለማን ነበር?"

"ለልጃችን ነዋ። አንደኛ ወጥታ።"

ጋሽ መቀስ ልጅቷን ሊያሳያቸው ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነ። ካሴቱ ላይ ግን መድረኩ በነበረበት ቦታ የሲሚንቶ ፋብሪካ ይመረቃል። የሰረዛት ራሱ ነበር፤ ጭብጨባውን አስቀርቶ ልጅቷን አጥፍቷል። አንገቱን ደፋ።

የዚያን ዕለት የሁለት ሰዓት ዜና ላይ አስተዳዳሪው ተናግረው ጨረሱ፤ ቀጥሎ የታየው አዳራሹ ራሱ ነው። አንዱ ያዛጋል፣ አንዷ ስልኳን ትነካካለች። ሕዝቡ ከስንት ዘመን በኋላ ራሱን አየ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጋሽ መቀስን አስጠራው።

"ጭብጨባው የት ሄደ?"

"ሞቷል።"

"መቼ?"

"አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ሪፖርት አልተደረገም?"

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ መላ መታ። አዲስ ጭብጨባ ይቀረጻል፤ ከፊት የሚቀመጠው ጋሽ መቀስ ነው። "ስንት ዓመት ስታየው ኖረህ፣ አጨባበጡን ካንተ በላይ ማን ያውቃል? አይሆንም ካልክ ግን የጡረታህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ይፈርምልህ።"

ጽዳቱም፣ ጥበቃውም፣ እኛም ተለቅመን ባዶ መድረክ ፊት ለፊት ተደረደርን። ጋሽ መቀስ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ካሜራማኑ፣ "ጋሼ፣ እየቀረጽኩ ነው" አለ ቀስ ብሎ። ያን ጊዜ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ብድግ ብድግም አለ። እኔ ከኋላው ስለነበርኩ ፊቱን አላየሁም፤ ባላየሁም ደስ አለኝ።

አዲሱ ጭብጨባ በተላለፈ በማግስቱ የቅንብር ክፍል ስልክ ጮኸ፤ ሴትየዋ ናቸው። አጠገቡ ስለነበርኩ ድምፃቸው ይሰማኛል።

"እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ አረፈልኝ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ትናንት እርስዎን አየሁዎት። የእኔው ለልጁ ነበር። እርስዎስ ለማን ነው?"

"ለጡረታዬ ነው፣ እትዬ።"

ሴትየዋ ስልኩን ቶሎ አልዘጉትም። እሱም ሲዘጉ ጠብቆ አስቀመጠና ወደ ማታው ዜና ዞረ። አስተዳዳሪው ንግግራቸውን ጨርሰዋል። ጋሽ መቀስ ራሱን ፈልጎ አመጣና ከመጨረሻው ቃል ቀጥሎ ሰካው።