ጦር ወይስ እንቁላል

የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች መሪ ባለፈው እሑድ እጄን ይዞ፣ «ወንድሜ፣ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሥራ ላይ መቆየት ቀላል አይደለም። ምን እንደተማርክ ለልጆቹ ንገርልን፤ ስለ ትዕግሥት» አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ይቀናኛል። ከተማርኩት ውስጥ ግን ለወጣት የሚነገር የለም።

ሥራው የአክስቴን ተረቶች መጻፍ ነበር። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ አቦቦ ወረዳ ትኖር ነበር። እኔ ጋምቤላ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እሄድና ደጇ ካለው ማንጎ ሥር እንቀመጣለን። እሷ በቆሎ እየፈለፈለች በአኝዋክ ቋንቋ ትተርካለች፤ እኔ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ በአማርኛ ፊደል እጽፋለሁ። የተማርኩት በእሱ ነዋ! ቋንቋችን በላቲን እንደሚጻፍ ጠፍቶኝ አይደለም፤ መጽሐፍ ቅዱሳችንም የታተመው በዚያው ነው። ግን በዚህ ዕድሜዬ እንደ አዲስ ፊደል ልቁጠር? ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የአጎቴ ልጅ «በስልክ ቅዳት» ሲለኝም ሳቅኩበት። ስልክ ውኃ ውስጥ ይወድቃል አልኩት። ትምህርት ቤት ያስጠኑንንም ጠቀስኩለት፦ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

ከአራት ዓመት በፊት ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ጉዳይ ተጣላን። የማይባል ቃል ተናገርኩት። እሱም የእናታችን ዘመዶች ወዳሉበት ወደ ደቡብ ሱዳን ተሻገረ። በሳምንቱ አቦቦ ስሄድ አክስቴ ስለ እሱ አንዲት ነገር አልጠየቀችኝም። «ይህን ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ በደንብ አድርገህ ጻፍ» ብላ አዲስ ተረት ጀመረች።

ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ዓሣ ይጣላሉ። ታናሹ ታንኳ ላይ ወጥቶ ወንዙን ሊሻገር ሲል ታላቁ ቆይ ይለዋል። ሮጦ ቤት ይገባና አንድ ነገር አምጥቶ እጁ ላይ ያኖርለታል። ታናሹ ያንን ይዞ ይሻገራል። ተረቱ ይኸው ነው። አክስቴ እዚያ ላይ ስትደርስ መፈልፈሏን አቆመች። አይታኝም ይሆናል፤ እኔ ግን የበቆሎው ድምፅ መቆሙን እንጂ ፊቷን አላየሁም። የተሰጠውን ነገር ስም፣ ቶንግ የምትለዋን ቃል፣ እየጻፍኩ ነበር።

በእኛ ቋንቋ ጦርም ቶንግ ነው፣ እንቁላልም ቶንግ ነው። በአፍ ሲነገሩ ይለያያሉ፣ ሕፃን እንኳ አይምታታበትም። በአማርኛ ፊደል ግን አንድ ናቸው።

አክስቴ አምና በክረምቱ ሞተች። ከቀብር በኋላ ደብተሮቹን በንጹሕ ስገለብጥ እዚያች ቃል ላይ ደረስኩና እጄ ቆመ። ታላቁ የሰጠው ጦር ከሆነ፣ ወንድምህን ለጠላትነት ሸኘኸው ማለቷ ነው። እንቁላል ከሆነ ደግሞ፣ አሁንም አልረፈደም፣ ስንቅ ይዘህ ድረስበት ማለቷ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ብዙ ጊዜ ሞከርኩ። የሚሰማኝ የበቆሎው ድምፅ ነው፣ የእሷ አይደለም። አቦቦ ያሉትን ሽማግሌዎች ጠየቅኩ፤ ፑኝዶ ድረስም ሄድኩ። ተረቱን የሚያውቅ የለም። አንድ አዛውንት እንዲያውም ሳቁብኝ፦ «ስታወራ አንተ አልነበርክም እንዴ?»

ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጠገቧ ነበርኩ፤ አልሰማኋትም እንጂ። ትምህርቱ ይሄ ነው፣ ገብቶኛል። ከስህተቱ የተማረ ሰው ግን የሚያርመው ነገር ሊቀረው ይገባል። እኔ የቀሩኝ አሥራ ስድስት ደብተሮች ናቸው። ከእሷ ቃላት ስንቱን እንዲህ እንዳጠፋሁ አላውቅም፤ መቁጠሩን ፈርቼ ትቼዋለሁ።

ባለፈው ወር ወንድሜ ደወለ። ከተጣላን ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። የቤቱን ነገር አላነሳም።

«አክስታችን ስለ እኔ የተናገረችው ነገር አለ?» አለኝ።

«አለ። ጽፌዋለሁ።»

«አንብብልኝ።»

ደብተሩን አምጥቼ አነበብኩለት። ዓሣውን አነበብኩ፣ ታንኳውን አነበብኩ። ታላቁ ሮጦ ቤት ሲገባ የወንድሜ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ እዚያች ቃል ላይ ደረስኩ።

«ምን ሰጠው?» አለ።

እንቁላል ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ማን ያውቅብኛል? እሱ የጠየቀኝ ግን የእሷን ቃል ነው። የእኔንማ ስንጣላ ሰምቶታል። አፌን ከፈትኩ፣ ወረቀቱን አየሁ፣ ቶንግ ይላል፤ በየትኛው ድምፅ እንደሚነበብ ግን አይልም።

«ሃሎ? … ሃሎ? ወይ ይሄ ኔትወርክ!» አለና ዘጋው።

ኔትወርኩ ደህና ነበር። እሱም መልሶ አልደወለም፣ እኔም አልደወልኩ። ምን ብዬ?