ፐብጂ ላይ የማይተኩሰው ሹፌር

የአሰብን መንገድ እንደኔ የሚያውቅ ሹፌር አልተወለደም። ያን ፊያት ከነተሳቢው ወደ ኋላ እየነዳሁ ጠባብ ግቢ ሳስገባ የሚያየኝ ሰው ሻዩን ይረሳ ነበር። አንዴማ ዱብቲ ላይ ግመል... ይቅር፣ ግመሉ ይቆየን።

ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ጀቤሳ ነው። አዳማ፣ እኔው ግቢ ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚጭን የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ነበር ብል ይሻላል። ሚስቱ ሶረቲ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ ትሰፋለች።

አንድ ቅዳሜ ሶረቲ መጣችብኝ።

"አባባ፣ ይምከሩልኝ። የመኪናው ባለንብረት ሰኞ መጥተህ መሪ ካልያዝክ ቁልፉን ለሌላ እሰጣለሁ ብሎታል። እሱ እንደሆነ ከስልኩ ላይ አይነሳም።"

"ምን ያያል?"

"ፐብጂ የሚሉት ጨዋታ ነዋ። ሲገዳደል ይውላል።"

ገባሁና "አካም ጅርታ?" ብዬ በቋንቋው ሰላም ብዬው አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ መቶ ሰው ከአውሮፕላን ይዘላል፣ ባዶ ቤት እየገባ ጠመንጃ ይለቅማል፣ ከዚያ መተላለቅ ነው። መጨረሻ የቀረ አሸነፈ። ጓደኛህ ቢመታ ግን ወዲያው አይሞትም፤ በጉልበቱ ይድሃል፣ ደርሰህ ካነሳኸው ይተርፋል። ይሄን ሁሉ አንዴ ቁጭ ብዬ ያዝኩት። ጭንቅላቴ ድሮም ፈጣን ነው።

ጀቤሳ አይተኩስም። ጠላቱን አልፎ ይሮጣል፣ ወደ ወደቀው ሰው። አንዱን አንስቶ ወደ ሌላው። የቡድኑ ልጆች ከስልኩ ውስጥ ይስቁበታል።

"ኧረ ነርሱ፣ አንድ ጥይት እንኳ ተኩስ። ለፋሲካ ነው የምታስቀምጠው?"

"ጨዋታው ላይ መኪና ቆሟል፣ ለምን አትነዳም?" አልኩት። ባለሙያ መኪና ሳያይ አያልፍም።

"እግሬ ይበቃኛል፣ ጋሼ።"

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ባለፈው ክረምት ጭነው ሲወጡ ጓደኛው ማናሴ ከፊት ባለው መኪና፣ ጀቤሳ ከኋላው ነበሩ። ማናሴ የሞጆ ልጅ ነው፤ ወደቡ ላይ ተራ ሲጠብቁ ይሄንኑ ጨዋታ አብረው ይጫወቱ ነበር። መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተባቸው። ማናሴ ተመትቶ ከጋቢናው ወደቀ፤ አስፋልቱ ዳር ሆኖ እጁን አነሳ። ጀቤሳ ፍሬን አልነካም። የሹፌር ሕግ ነው፣ ጥይት ሲጮህ አይቆምም፤ የቆመ ሁለተኛ ሬሳ ይሆናል። እኔም ብሆን አልፋለሁ፣ የሚሟገተኝ ይምጣ። ማናሴን በኋላ የደረሱ ሰዎች አነሱትና ተረፈ፤ አንድ እግሩ ግን ተቆረጠ። ጀቤሳ አንድም ቀን ሄዶ አልጠየቀውም። የታመመ አለመጠየቅ ደግሞ በኛ ሰው ዘንድ ነውር ነው።

ስልኩ ላይ ፎቶ ብቅ አለ። ማናሴ፣ መኪናውን ተደግፎ።

"ምን ፈልጎ ነው?"

"አብረን እንጫወት ነው የሚለው። በየቀኑ ይጠራኛል።"

"ለምን አትገባም?"

"ገብቼ ምን ልበለው፣ ጋሼ?"

ፊደል አልቆጠርኩም፤ አረንጓዴ ግን አውቃለሁ። ጣቴን ሰድጄ መቀበያውን ነካሁት።

ጨዋታው አብሮ አስገባቸው።

"መጣህ?" አለ የማናሴ ድምፅ።

"መጣሁ።"

"መኪናውን አንተ ያዝ። እኔ እየሮጥኩ እቀድማለሁ። እዚህ እንኳ እግር አለኝ።"

ጀቤሳ መኪናውን ያዘ። ማናሴ ከፊት በመንገዱ ዳር ሮጠ። ተኩስ ተሰማ፤ ወደቀ።

"ጀቤሳ" አለ። ሌላ አልጨመረም።

ጀቤሳ ፍሬን ያዘ፣ ወረደ፣ ላዩ ላይ ተንበረከከ። ሳያነሳው ጠላቶቹ ሁለቱንም ጨረሷቸው። የስልኩ መስታወት አመድ መሰለ።

"ቆምክ" አለ ማናሴ።

"ቆምኩ።"

"ሞትክ እኮ፣ አንተ ጅል።"

ይሳቅ ያልቅስ ከድምፁ መለየት አልቻልኩም። መስመሩ ተቋረጠ።

ሰኞ ጀቤሳ ታጥቦ ወጣ። ሶረቲ ወደ ባለንብረቱ የሄደ መስሏት ምሳ ቋጠረችለት። እሱ ምሳውን ይዞ ማናሴ ቤት ገብቶ ዋለ። ቁልፉ ለሌላ ሹፌር ተሰጠ።

ሶረቲ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋን ነፍጋኛለች። "ይምከሩልኝ አልኩ እንጂ ከሥራ ያስወጡልኝ አልኩ?" ብላኛለች። እውነቷን ነው፣ ኪራዩ አለ፣ ትንሽ ልጅም አላቸው።

ጀቤሳን ያን ሰኞ ማታ ደጃፍ ላይ ሲገባ ያዝኩት።

"ማናሴ ምን አለህ?"

"ምንም። የተቆረጠውን እግሩን ገልጦ አሳየኝ" አለኝና ወደ ቤቱ ገባ።